መድኃኒትም ይጋባል

እማማ መዳፋቸውን ሳያሳልፉበት ጠረጴዛ ጸዳ ብለው አያምኑም ነበር።

እናቴ አይደሉም። በኢየሩሳሌም አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በካንሰር ሕክምና ክፍል፣ በጽዳት የሚሠሩ የጎንደር ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው። በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፣ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አለቅልቀው ይጨምቃሉ፣ ደግመው ይወለውላሉ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ጓንት ያወልቁና ባዶ መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራትታሉ። የፍርፋሪ ያህል የሚሻክር ነገር ካገኙ እንደገና «ሀ» ብለው ይጀምራሉ።

«ዓይን ይሸነገላል፤ እጅ ግን አይሸነገልም» ይሉ ነበር።

በሌላ ክፍል ቢሆን እጃቸውን ባመሰገንኩ ነበር። እዚያ ክፍል ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው ነገር አይሻክርም፤ አይታይም፣ አይሸትም። የእኔ ሥራ ከእነሱ በታች፣ ምድር ቤት ባለው ፋርማሲ ስለነበር ምን እንደሚቀር አውቃለሁ። የካንሰር መድኃኒት በሚቀመምበት ክፍል ረዳት ነበርኩ። እኛ መድኃኒቱን የምንነካው አየር ወደ ውስጥ በሚስብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ እጃችንን ብቻ እናስገባለን፣ እሱንም ጓንት በጓንት ላይ ደርበን፣ እጅጌው አንጓ ላይ የሚጠብቅ ካባ ለብሰን። መድኃኒቱ የሚባዛ ሕዋስ ሲያገኝ ይገድላል። የተሠራው የበሽተኛውን ዕጢ እንዲገድል ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን «ይቺስ አልታመመችም» ብሎ አይመለስም። ሐኪም ለታማሚው መጥኖ የሚሰጠው ነገር፣ በጠብታ በጠብታ፣ ቀን በቀን ለምታጸዳው ሴት ጥቅም የሌለው ጉዳት ነው።

ያን ሁሉ ለብሰን የቀመምነው ከረጢት ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ቱቦ ይሰካበታል፣ ይነቀላል። አንዲት ጠብታ በብረት መስቀያው ላይ ትወርዳለች፤ ሌላዋ የወንበሩ ክንድ ላይ ትደርቃለች። ከዚያ እማማ ይመጣሉ፣ ባዶ መዳፋቸውን ይዘው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ፣ ከአባቴ እኩዮች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ዕብራይስጡን ደግሞ እዚህ መጥቼ፣ ልጆቻቸው የቤት ሥራ ከሚያሠሯቸው እናቶች ጋር አንድ ወንበር ተጋርቼ ተማርኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር አይዘልም፤ በየትኛው መስመር ምን እንደሚያመልጠው አያውቅማ። የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አነባለሁ። ስለዚህ የእማማ መዳፍ ከመጀመሪያውም ያሳስበኝ ነበር። ሆኖም ማሳሰብ ብቻ ነው፤ ዝም የማለት ልማድ አለብኝ። ያን ልማድ ያስተወችኝ ልጅቱ ናት።

ልጅቱ ከእማማ ጋር ያንኑ ክፍል የምታጸዳ፣ ከአገር ከመጣች ብዙም ያልቆየች ወጣት ሚስት ነበረች። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ በሃነቪኢም ጎዳና አብራኝ ቁልቁል ወረደች። ቤቷ ፒስጋት ዘኤቭ ነው፤ አውቶቡሷን የምትይዘው በሌላ በኩል ነበር። ስለዚህ የምትነግረኝ ነገር እንዳላት ገባኝ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂኝ።»

«ያ የናንተ መድኃኒት... ለነፍሰ ጡር ምንም አይል?»

«ነፍሰ ጡሯ ማን ናት?»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።»

«እንዲህ ያለ ነገር እንዲያው አይጠየቅም።»

ቆመች። የኢትዮጵያ ጎዳና መታጠፊያ ላይ ደርሰን ነበር። ከመንገዱ ዳር ባለው ግንብ ጥላ ውስጥ ገባ ብላ ሻሿን አስተካከለች።

«ሁለቴ አስወርዶኛል። አንዱ አገር ቤት፣ አንዱ እዚህ እንደመጣሁ፣ ሥራም ሳልይዝ። ይኼ ሦስተኛው ነው። ካብላኑ ከሰማ ደግሞ ሥራዬ አለቀ።»

ካብላን የምንለው ኮንትራክተሩን ነው። የጽዳት ሴቶቹ የሆስፒታሉ ሠራተኞች አልነበሩም፤ እሱ ቀጥሮ ይልካቸዋል። እርጉዝ ሴት ከሥራ እንዳትባረር አገሩ ሕግ አለው፤ ግን ሕጉ የሚጠብቀው ግማሽ ዓመት የሠራችውን ነው። ልጅቱ ያ አልሞላላትም። ባሏም ገና ሥራ ፈላጊ ነበር።

«ሌላ ክፍል እንዲያዛውርሽ ጠይቂዋ።»

«ምን ብዬ? ‹ለምን?› ሲለኝስ?»

ክፍሉን ትታ መሄድ አትችልም፤ እየነካች መቆየትም የለባትም፤ ምስጢሯን ደግሞ አደራ ብላኛለች። እሷን ከክፍሉ ማውጣት ካልተቻለ፣ ቀሪው መንገድ መድኃኒቱን ከየጠረጴዛው ማውጣት ነው። የክፍሉን አጸዳድ ለሁሉም መለወጥ፤ ያን ጊዜ ማንም «ለምን ለእሷ?» አይልም። ቤቴ ደጃፍ ሳልደርስ ቆርጬ ነበር።

የፋርማሲው ኃላፊ ከሩሲያ የመጣች፣ ጠጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ሴት ነበረች። ዕብራይስጧ ከእኔ የባሰ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር፤ ሁለታችንም የማያስፈልግ ቃል አናወጣም። የልጅቱን ነገር ሳላነሣ፣ ላይ ያሉት ሴቶች እንዴት እንደሚያጸዱ ነገርኳት።

«ጓንት የላቸውም?»

«አላቸው። የሳህን ማጠቢያ ጓንት። ተቀዳዷል፤ አጥበው ይዋዋሱታል።»

«ለምን ከእኛ አይወስዱም?»

«የሆስፒታሉ ጓንት ለሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው ተብለዋል።»

በሩሲያኛ አንድ ነገር አለች፤ ሳይተረጎምም ገባኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች አሰበች።

«ያ ካብላን ሴቶቹ ሠልጥነዋል ብዬ እንድፈርምለት ይጨቀጭቀኛል። ያለ ፊርማዬ ውሉ አይታደስለትም። እንግዲያው በእውነት እናሠልጥናቸዋ። አንቺ ታስረጃለሽ።»

«እኔ ሰው ፊት አልናገርም።»

«እኔም በአማርኛ አልናገርም» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

የሥልጠናው ጽሑፍ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነበር፦ ዚሁም። አንድ ክፉ ነገር ከቦታው ወጥቶ ሌላውን ሲነካና እዚያው ሲቀር ዕብራይስጡ ዚሁም ይለዋል። ለእማማ ምን ልበላቸው? «ቆሻሻ» ብላቸው ይቆጣሉ፤ እሳቸው የጠረጉት ጠረጴዛ ቆሻሻ አይባልም። «መርዝ» ብላቸው ደግሞ ሐኪሞቹ በሽተኛውን ሁሉ መርዝ ሲያጠጡት ኖረዋል ብለው ክፍሉን ጥለው ይወጣሉ። «ብክለት» የሚለውን ከሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ የወንዝና የፋብሪካ ቃል ነው፤ የእማማ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

ቢቸግረኝ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚቀመጡት አባ ነገርኳቸው። የምከራያት ክፍል እዚያው የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ስለነበረች ሁልጊዜ ሰላም እንባባላለን። እሳቸው የእኔን ሃይማኖት ያውቃሉ፣ እኔም የእሳቸውን፤ መጽሐፍ እንዋዋስ ነበር እንጂ በዚያ አንከራከርም።

«ርኵስ በያቸው» አሉኝ፣ የግዕዝ ነገር ሲመጣ እንደሚያደርጋቸው ደስ እያላቸው። «ርኵስ፣ ርኵሰት፣ አርኰሰ።» ከዚያ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተዪው ልጄ። ይኼ ቃል ዕቃ ላይ ቢጥሉት ተነሥቶ ሰው ላይ ነው የሚያርፍ።»

እውነታቸውን ነው። እኛ ከአገር የመጣን አይሁዶች ደግሞ ያ ቃል ያረፈብን ሰዎች ነን።

ቃሉን ያገኘሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ያገሬ ሰው፣ ልጇ የሌላ ልጅ ፊት በጣቷ ስትነካ አየችና እጇን መታ አደረገች። «ተይ! ቋቁቻው ይጋባብሻል!»

ይጋባል። እናቴም እከክ ስታይ፣ ጉንፋን ስትሰማ የምትለው ነው። ማንንም አያዋርድም። የሚጋባ ነገር ያለበት ሰው ነገ ይድናል፤ ሌላው እስከዚያ ይጠነቀቃል። መውረጃዬን አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ሴቶቹ በዕረፍት ሰዓታቸው ከፋርማሲው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ። እማማ ፊት ለፊት፣ ልጅቱ ጥግ፣ ሌሎቹ ከየፎቁ የመጡ።

«መድኃኒቱ ይጋባል» አልኳቸው። «ከከረጢቱ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ በር እጀታ፣ ከበሩ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው እጅ። ሳታዩት ይጋባል።»

«ከበር ጋር ነው የሚጋባው?» አለች ከኋላ አንዷ። «ምነው፣ ሴት ጠፋ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ሽማግሌ ማን ላከ?» አለች ሌላዋ።

«ካብላኑ ነዋ! ጥሎሽ ብሎ የተቀደደ ጓንት አስይዞ!»

እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁም ጠቀመኝ፣ አፌ ተፈታ። አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒት እንደማይገድል፣ ይልቁንም እንደሚያስፋፋው ነገርኳቸው። በሳሙናና በውሃ፣ ከንጹሑ ወደተነካካው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ባልዲ ውስጥ እየታለቀለቀ የሚመለስ ጨርቅ መድኃኒቱን ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እንደሚያጋባ፣ ስለዚህ ጨርቁ አንዴ ተጠርጎበት እንደሚጣል። ጓንት ሲወልቅ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ከዚያ እጅ መታጠብ። መድኃኒቱ ከበሽተኛው ሽንት ጋር ስለሚወጣ የመጸዳጃ ቤቱን ክዳን ሳይዘጉ ውሃ አለመልቀቅ።

እማማ አልሳቁም ነበር።

«ጨርሰሻል?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እኔ ልናገር። እኔ አገሬ ሳለሁ የጠጣሁበትን ዋንጫ የሚሰብር ጎረቤት ነበረኝ። በዓይኔ እያየሁ። አሁን በስተርጅናዬ የታመመ ሰው ፊት ጓንት አጥልቄ ልቁም? ያ ጠጉሩ የረገፈው ሰውዬ፣ ጠረጴዛውን በባዶ እጄ ስዳስስለት ያየኛል። እንዳልተጸየፍኩት ያውቃል። ይህንን ነው ተዪ የምትዪኝ?»

ደነገጥኩ። ያንን መዳፍ ስንት ጊዜ አይቼ ፍተሻ ብቻ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ሰላምታም ነበር። እኛም አገር ቤት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ስንነካ ወንዝ ወርደን እንታጠብ እንደነበር እማማ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

«ሰውየውን ተጸየፉ አላልኩም፣ እማማ። ዕቃውን ነው ያልኩት።»

«ሁሉም ሲጀምር እንደዚያ ነው የሚል» አሉና ተነሥተው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ልጅቱ ብቻ ቀረች፤ እጇን እያየች።

ለኃላፊዬ እንዳልሆነልኝ ነገርኳት። አልተገረመችም። «የማይታይ ነገር ነው የምትነግሪያቸው» አለች። «እናሳያቸው።»

ከቁም ሣጥኗ አንድ ጠርሙስና አንድ የእጅ መብራት አወጣች። በጠርሙሱ ያለው ማንንም የማይጎዳ ፈሳሽ ነው፤ በቀን ብርሃን ውሃ ይመስላል፣ ያ መብራት ሲያርፍበት ግን ያበራል። በሽተኞች ከሚቀመጡበት አንዱ ክፍል ባዶ የሆነበትን ሰዓት መርጠን ፈሳሹን በመድኃኒት ከረጢት ሞላን፤ ቱቦውን እንደወትሮው ሰካን፣ ነቀልን። ከዚያ እማማና ልጅቱ እንደልማዳቸው እንዲያጸዱ ተጠሩ። ልጅቱን መተው አልቻልንም፤ ብትቀር ሰው ይጠይቃል። ሌሎቹ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ካብላኑም ራሱ መጣ፤ ፊርማውን ሊወስድ። ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ ሰዓቱን ያይ ነበር።

እማማ የዚያን ዕለት ያንን ጠረጴዛ ከወትሮው አብልጠው ነው የጠረጉት። መጨረሻ ላይ ጓንታቸውን አወለቁ፣ መዳፋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉ፣ ወደ እኔ ዞረው «ይኸውልሽ» አሉ። አንዳች አቧራ አልነበረበትም።

ኃላፊዬ የመስኮቱን መዝጊያ ጎተተች፤ መብራቱን አበራች።

መስቀያው ላይ የወረደችው ጠብታ መስመር ሠርታ ታበራለች። የወንበሩ ክንድ ያበራል። ጠረጴዛው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ የጨርቁ ዙሪያ ጥምጥም ከዳር እስከ ዳር ተስሎበታል፣ አንዲቷ ጠብታ ገበታ ሙሉ ሆናለች። የባልዲው እጀታ፣ የበሩ እጀታ፣ የግድግዳው መብራት ማብሪያ። የእማማ ጆሮ ግንድ፣ ሻሻቸውን ያስተካከሉበት። ከዚያ መብራቱ ወደ ካብላኑ ዞረ፤ ክርኑ እንደ ፋና ቦግ አለ።

«እልል!» አለች በሩ ላይ የቆመችው ነገረኛ። «ካብላኑም ተጋባ!»

ሳቁ ገና ሳያልቅ መብራቱ ልጅቱ ላይ አረፈ።

ካፖርቷ ላይ፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ፣ የአንድ እጅ አሻራ ነበር። መዳፉ ሙሉ፣ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው። ማንም ሰው ሲደናቀፍ እንዲህ አይደገፍም፤ ማንም ሲቆጣ እንዲህ አይገፋም። እንዲህ የሚነካው የሚመርቅ ሰው ብቻ ነው። እማማ ነገሩን እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር። ባልዲውን ሲያነሡ፣ ሰው ሳያይ፣ እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳርፈው «በሰላም ያገላግልሽ» ይሏት ኖሯል።

ልጅቱ ሁለት እጇን አምጥታ አሻራውን ሸፈነችው። ከአሻራው ይልቅ መሸፈኗ ተናገረ።

«እኔ ነኝ፤ ልትወድቅ ስትል ደገፍኳት» አሉ እማማ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አላቸው ካብላኑ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ያን ቀን ግን ቢኖረውም የሚላቸው አልመሰለኝም። ወደ ልጅቱ ዞሮ «ነገ ቢሮ ነይ» አላት።

ነገ ቢሮ ነይ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ልጅቱ በጨለማው ውስጥ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ምስጢሯን ሳልናገር የጠበቅኩት መስሎኝ ነበር፤ ያመጣሁት መብራት አወጣው። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ለማንም አይጠቅምም።

«ነገ ቢሮ አትመጣም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ኃላፊዬ የክፍሉን መብራት አበራች። ካብላኑ ፈልጎ አገኘኝ።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«መድኃኒቱን የምቀምመው።»

«ሳቭላኑት፣ ሳቭላኑት» አለ እጁን እያወዛወዘ። ትዕግሥት ማለት ነው፤ በዚያ አገር ቃሉን የሚያወጣው ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ነው።

«ትዕግሥት አለኝ። እንዲያውም ብዙ አለኝ፤ እዚሁ እቆማለሁ። ልጅቱን ብታስወጣ በቦታዋ ሌላ ሴት ታመጣለህ። ያችስ ማሕፀን የላትም? አንተ ጠረጴዛው ላይ የተደገፍከው ለአፍታ ነው። ክርንህን እስቲ ተመልከተው። እውነተኛው መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይዘኸው ቤትህ ትገባ ነበር፤ ሸሚዙንም ሚስትህ በእጇ ታነሣዋለች።»

ክርኑን ገልብጦ አየው። መብራቱ በርቷልና ምንም የሚታይ ነገር የለም። ያ ምንም አለመታየቱ ነው መሰለኝ ያሳሰበው፤ በጣቱ ሊያራግፍ ጀመረና ጣቱን መልሶ ሰበሰበ።

«አልፈርምም» አለች ኃላፊዬ። «ለሁሉም ካባና ደህና ጓንት እስኪመጣ። ልጅቱ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መጋዘን ታጸዳለች፤ እዚያ ያለው የታሸገ ካርቶን ነው። ከሥራ ወጥታ ብሰማ ዛሬ ያየሁትን አስተዳደሩ ፊት ቀርቤ እናገራለሁ።»

«በእሷ ቦታስ ማን ይገባል? ሰው የለኝም!»

«እኔ እይዘዋለሁ» አሉ እማማ። «የእሷንም የእኔንም። እኔ መውለዴን ጨርሻለሁ።»

ሁሉም ተነፈሰ። ካብላኑም እፎይ ያለ መሰለ፤ ነገሩ ያለ ወጪ ሊያልቅለት ነው።

«አይሆንም» አልኩ በአማርኛ። «ያለ ጓንት አይሆንም፣ እማማ። የርስዎ ገላም ገላ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ ነበር፤ ከዚያ ልጅቱ አሁንም በእጇ የሸፈነችውን ቦታ አዩ።

«እኔ ነኝ ያጋባሁባት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይኼ ቀለም ነው፣ እማማ። ምንም አይጎዳትም።»

«ትናንትስ?»

መዋሸት አልፈለግኩም፤ እውነቱንም አላውቀውም።

«አምጪው» አሉ። «ጓንቱን አምጪው።»

ካብላኑ በመጀመሪያ የላከው ካባ ውሃ የሚያሳልፍ ነበር። በላዩ ላይ ውሃ አፍስሼ ከሥሩ የያዝኩትን ወረቀት ሲበሰብስ አሳየሁትና መለስኩት። ቀጥሎ ጓንቱን በአንድ ልክ ብቻ አመጣ፤ እሱንም መለስኩት። ሰላም ባይነቴን የሚያውቁ የፋርማሲ ጓደኞቼ «ምን ነካሽ?» ይሉኝ ጀመር። የነካኝ ነገር የለም፤ አንዴ አፌን ከከፈትኩ መዝጊያው አልታወቀኝም እንጂ። ደህናው እስኪመጣ ድረስ ኃላፊዬ ከእኛው ካርቶን አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ማን ይጠይቃት።

እማማም በራሳቸው መንገድ አደላድለውት አገኘኋቸው። ጓንት በጓንት ላይ አጥልቀው መስቀያውንና ጠረጴዛውን ይጠርጋሉ፤ ጨርቁን ይጥላሉ፤ ጓንቱን ገልብጠው ያወልቃሉ፤ እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ከዚያ ጠጉሩ ወደረገፈው ሰውዬ ሄደው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ይጨብጡታል።

«ለዕቃው ጓንት፣ ለሰውየው እጅ» አሉኝ። «ከመጀመሪያው እንዲህ ብትዪኝ መች እጣላሽ ነበር?»

ከመጀመሪያው እንዲያ እንዳልኳቸው አልነገርኳቸውም። የጠረጴዛውን መጽዳት በመዳፍ ማየት ግን ስለቀረባቸው እስከ ጡረታቸው ድረስ አላመኑትም። አንገታቸውን ሰበር አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አግድም ያዩታል፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ «እንግዲህ ጸድቷል ይባል» ይላሉ።

ቃሉም ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ሴቶቹ ያልተጠረገ የበር እጀታ ሲያዩ «ይኼ አግብቷል» ይባባላሉ። የአገሩ ተወላጅ የሆነች አንዲት ነርስ ሳይቀር ቱቦ ነቅላ ጠብ ሲልባት «ይጋቫል! ይጋቫል!» እያለች ስትጮህ ሰምቻለሁ።

ልጅቱ መጋዘኑን እያጸዳች ግማሽ ዓመቷን ሞላች። የሞላላት ዕለት ካብላኑ ፊት ቀርባ፣ ካፖርቷን ሳትቆልፍ፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ» አለችው። «አውቃለሁ» አላት። «አሁን ግን እኔ ነኝ የነገርኩህ» ብላው ወጣች፤ ይህን ስትነግረኝ እንደ ትልቅ ጀብዱ ነበር፤ ጀብዱም ነው።

ሴት ልጅ ወለደች፤ በጊዜዋ፣ በጤና። ልጠይቃት ፒስጋት ዘኤቭ ሄድኩ። ባሏ ሻይ አቀረበልንና ለሥራ ወጣ። ልጅቱ፣ አሁንስ እናት ልበላት እንጂ፣ ሕፃኗን እያጠባች አጠገቤ ተቀመጠች።

«እታለም» አለች በኋላ። «እውነቱን ንገሪኝ። ያ ክፍል ውስጥ ብቆይ ኖሮ ይቺም ትሄድብኝ ነበር?»

«አላውቅም።»

«መጋዘን መግባቴ ነው ያተረፋት?»

«አላውቅም። እዚያው እየሠሩም በሰላም የሚወልዱ አሉ፤ ሁሉን ተጠንቅቀውም የሚያስወርዳቸው አሉ።»

«ታዲያ ምን አውቀሽ ነው ከሰው ሁሉ ጋር እንዲያ የተጣላሽልኝ?»

«ስለማላውቅ ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሕፃኗን ከጡቷ አላቅቃ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችና ጀርባዋን እየመታች «ሰማሽ?» አለቻት። «ይቺ ናት አክስትሽ። የማታውቀውን ነው የምታስተምር።»